ሰው በሌለበት ባሕር ፕላስቲኩ ከየት መጣ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በሰሜንና በደቡብ ዋልታ ውቅያኖሶች ሳይቀር ደቃቅ ፕላስቲክ ተገኘ የሚል ዜና ደጋግሜ አነባለሁ። ሰው የማይኖርበት፣ መርከብ እንኳ አልፎ አልፎ የሚደርስበት ቦታ ነው። ታዲያ በምን መንገድ ደረሰ? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በጃኬታቸው ይዘውት ሄደው ቢሆንስ? ቁጥሩም ግራ ያጋባል። አንዱ ሁለት መቶ ይላል፣ ሌላው አሥራ ሁለት ሺህ። የቱን ልመን?»

ከጃኬቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የምሠራው ውኃና በረዶ ውስጥ ያለ ደቃቅ ፕላስቲክ በሚለይበት ላቦራቶሪ ነው። ከሥራ ሰዓታችን ግማሹ የሚያልቀው የራሳችንን ብናኝ ከናሙናው ለማራቅ ስንታገል ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ናሙና የሚነካ ሰው የጥጥ ጋውን ይለብሳል። ፖሊስተር ሹራብ ለብሶ የመጣ በር ላይ ይመለሳል። ዕቃው ሁሉ ብርጭቆና ብረት ነው። ከባሕር በረዶ ተሰርስሮ የወጣው ዘንግ ሲመጣ መጀመሪያ ውጨኛው ገጽ ይፋቃል፤ መሰርሰሪያውም የሰው እጅም የነካው እሱን ስለሆነ። የቀረው ይቀልጥና ቀዳዳው በዓይን በማይታይ ማጣሪያ ያልፋል።

ከጎኑ ሌላ ማጣሪያ በክፍት ሳህን ይቀመጣል። ምንም አይፈስበትም። ሥራው አየሩ ላይ የሚንሳፈፈውን መያዝ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባሉ። ባዶው ላይ ሦስት ሰማያዊ ክር ከተገኘ፣ ከናሙናውም ሦስት ሰማያዊ ክር ይቀነሳል። አንድ ጊዜ ባዶው ማጣሪያ ላይ ብርቱካናማ ክር እየተደጋገመ አስቸገረን። የሁላችንም ልብስ ተፈተሸ። ካልሲ ሳይቀር። ለካ ወለል መወልወያው ነው! የዚያ ሳምንት ሥራ በሙሉ ገደል ገባ።

መስክ ላይም ጥንቃቄው ያው ነው። ጠንቃቃ ቡድን ከለበሰው ልብስ፣ ከተጠቀመበት ገመድ፣ ከመርከቡ ቀለም ሳይቀር ቁራጭ ይዞ ይመለሳል። ናሙናው ውስጥ የተገኘ ቅንጣት ከእነዚህ አንዱን ከመሰለ ከቆጠራው ይወጣል።

አንድ ክር ፕላስቲክ መሆኑ ደግሞ በዓይን አይታወቅም። ኢንፍራሬድ ብርሃን ይጣልበታል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዓይነት ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይውጣል፤ የቀረው እንደ ጣት አሻራ ይነበባል። በዓይናችን «ይሄማ ናይለን ነው» ያልነው ስንቱ ክር ጥጥ ሆኖ ተገኝቷል! ስለዚህ ቅንጣቶቹ በዚህ ዓይነት መሣሪያ መረጋገጣቸውን የማይገልጽ ዘገባ ካጋጠመዎት፣ የክሩን ቁጥር ቢጠራጠሩ አይፈረድብዎትም።

ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላም የሚተርፈው ብዙ ነው። ወደ መንገዱ እንግባ።

ዋልታ ሩቅ መስሎ የሚታየን በእግራችንና በአውሮፕላናችን ስለምንለካው ነው። የውኃ መንገድ ሌላ ነው። ይህን ለማሳየት ፕላስቲክ እንኳ አያስፈልግም፤ ፕላስቲክ ከመስፋፋቱ በፊት የሆነ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1881 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃኔት የምትባል የአሜሪካ መርከብ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ የመርከቧ ንብረት በግሪንላንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ በበረዶ ላይ ተገኘ። ከዕቃዎቹ መካከል የአንድ መርከበኛ ሱሪ ነበረበት። ሱሪው የአርክቲክን ውቅያኖስ ከዳር እስከ ዳር አቋርጧል ማለት ነው።

ኖርዌያዊው አሳሽ ፍሪድጆፍ ናንሰን ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ገባው። በረዶው ይጓዛል። በ1893 ፍራም የተባለች መርከብ ይዞ ሄደና ሆን ብሎ ሳይቤሪያ አካባቢ በረዶ ውስጥ እንድትያዝ አደረጋት። ፍራም ከበረዶው ጋር ተንሳፍፋ በ1896 ከኖርዌይ በስተሰሜን ካሉት የስቫልባርድ ደሴቶች አቅራቢያ ወጣች። ዛሬ በግሪንላንድና በስቫልባርድ መካከል ያለው ሰርጥ በእሷ ስም ይጠራል። ይህን ሰርጥ ልብ ይበሉት፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ሱሪ የሄደበትን መንገድ ፌስታል የማይሄድበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው መንገድ ከአትላንቲክ ይመጣል። ከደቡብ የሚነሳ ሞቅ ያለ የገጽ ውኃ በሰሜን አትላንቲክ አድርጎ ወደ ግሪንላንድ ባሕርና ከኖርዌይና ከሩስያ በስተሰሜን ወዳለው ባረንትስ ባሕር ይፈስሳል። እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰጥማል፣ በጥልቁ አድርጎ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ፕላስቲኩ ግን ይንሳፈፋል። ውኃው ሲወርድ እሱ እንደ ገለባ ላይ ይቀራል። በ2013 ታራ የተባለችው የምርምር ጀልባ አርክቲክን ዞራ መረብ እየጎተተች ናሙና ሰብስባ ነበር። በ2017 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ አብዛኛው የአርክቲክ ገጽ ውኃ ከፕላስቲክ ነጻ ሊባል የሚችል ነው። ግሪንላንድ ባሕርና ባረንትስ ባሕር ሲደረስ ግን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቁራጭ ተገኘ። አጥኚዎቹ አካባቢው 300 ቢሊዮን ያህል ቁራጭ እንደያዘ ገመቱ። ክብደቱ ሲሰላ 400 ቶን ገደማ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ክብደቱ ያን ያህል አይደለም። ለምን ቢሉ፣ ቁራጮቹ አርጅተው የደቀቁ ናቸው። መድቀቃቸው በራሱ ምስክር ነው። ትናንት ከመርከብ የተጣለ ጠርሙስ እንዲህ አይሆንም።

አየሩም መንገድ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት በፍራም ሰርጥ በሚንሳፈፉ የበረዶ ገበታዎች ላይ ከወደቀ አመዳይ፣ ማለትም ከሰማይ ከሚወርድ ጥጥ መሰል በረዶ፣ ናሙና ወስዶ ነበር። በአንድ ሊትር ቅልጥ ውስጥ እስከ 14,400 ቅንጣት አገኘ። እዚያ ገበታ ላይ የሚያፈስ ወንዝ የለም፤ የመጣው ከሰማይ ነው። በንጽጽር፣ ያው ጥናት ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ አንድ የገጠር መንገድ ዳር 154,000 ቆጥሯል። አርክቲክ ከአውሮፓ ያነሰ ነው ማለት ነው፤ ዜናዎቹ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር መዝለል ይወዳሉ።

አሁን ወደ በረዶው። በግሌ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። የባሕር ውኃ ሲረጋ ጨው ያስወጣል፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ቅንጣትን ግን ይይዛል። መጀመሪያ የሚፈጠሩት በውኃው ውስጥ የሚዋኙ እንደ መርፌ የቀጠኑ የበረዶ ክሮች ናቸው። ወደ ላይ ሲንሳፈፉ በመንገዳቸው ያገኙትን ሁሉ ጠራርገው ይዘው ይወጣሉ። አቧራውን፣ አልጌውን፣ ፕላስቲኩን። ስለዚህ በረዶው ከሥሩ ካለው ውኃ ይልቅ እጅግ የተጠጋጋ ፕላስቲክ ይኖረዋል።

በቁጥሩ ግራ የተጋቡትም እዚህ ጋ ነው። በ2014 የታተመ ጥናት በአንድ ሜትር ኩብ የአርክቲክ በረዶ ከ38 እስከ 234 ቅንጣት አገኘ። በ2018 የጀርመኑ አልፍሬድ ቬገነር ተቋም ተመራማሪዎች ፖላርሽቴርን በተባለችው መርከብ ካመጡት በረዶ ውስጥ እስከ 12,000 ቆጠሩ። መለኪያውን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው በሜትር ኩብ ነው፤ ሁለተኛው በሊትር። አንድ ሜትር ኩብ ሺህ ሊትር ነው። ስለዚህ ልዩነቱ እርስዎ ከጻፉትም የባሰ ነው፤ ከ50,000 እጥፍ በላይ ይሆናል!

ታዲያ አንዱ ዋሽቷል? አልዋሸም። የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያው ላይ በማይክሮስኮፕ የታያቸውን ነው አንድ በአንድ ለቅመው የመረመሩት። የኋለኞቹ ደግሞ ማጣሪያውን በሙሉ በኢንፍራሬድ መሣሪያ አስቃኝተው፣ እስከ 11 ማይክሮሜትር የወረደውን ሳይቀር ቆጠሩ። አንድ ሚሊሜትር ሺህ ማይክሮሜትር ነው። ካገኙት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ያንሳል። ይህን በዓይን የሚለቅም ሰው የለም። በዚያ ላይ 12,000 ከፍተኛው ቁጥር ነው፤ ዝቅተኛ በሆነበት በረዶ ወደ አንድ ሺህ አካባቢ ይወርዳል። የትኛውም የፕላስቲክ ቁጥር ከወንፊቱ ተነጥሎ ትርጉም የለውም። ወንፊቱ ሲጠብ ቁጥሩ ያሻቅባል፤ ባሕሩ ግን ያው ነው። እውነት ለመናገር፣ በዘርፋችን የምንጣላበት ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ሁሉም በየራሱ ወንፊት ይለካል። ስለዚህ ሁለቱንም ይመኑ፣ ግን አያነጻጽሯቸው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ2018ቱ ጥናት እያንዳንዱ በረዶ የራሱን ታሪክ ይዞ ተገኘ። ከፓስፊክ በሚገባው ውኃ የተፈጠረው በረዶ በብዛት ፖሊኤቲሊን ነበረበት፤ የማሸጊያ ፕላስቲክ። ከሳይቤሪያ ጥልቀት የለሽ ጠረፍ የመጣው ደግሞ የመርከብ ቀለምና ናይለን። ናይለን የዓሣ መረብ ነው። በጠቅላላው 17 ዓይነት ፕላስቲክ ተለይቷል፤ የሲጋራ ፊልተር የሚሠራበት ሳይቀር። የበረዶው ዘንግ ቢነበብ፣ የት እንደረጋና በየት እንዳለፈ ይናገራል።

ያ በረዶ ታዲያ የት ይሄዳል? ሁለት ሦስት ዓመት ተጉዞ ፍራም ሰርጥ ይደርሳል፤ እዚያ ይቀልጣል፤ የተሸከመውን ያራግፋል። ለማራገፍ የሚረዳው አንድ ተክል መሰል ነገር አለ። ሜሎሲራ ይባላል። ከበረዶው ሥር እንደ ጸጉር ተንጠልጥሎ የሚያድግ፣ የሚያጣብቅ አልጌ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት በአንድ ሜትር ኩብ አልጌ በአማካይ 31,000 ቅንጣት ቆጥሯል፤ በዙሪያው ካለው ውኃ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። አልጌው ሲሞት ተጠቅልሎ በፍጥነት ወደ ታች ይወርዳል። እንዲያው ሊፍት በሉት። በሰርጡ ወለል ላይ ካለ አንድ ኪሎ ጭቃ ውስጥ ከ42 እስከ 6,595 ቅንጣት የተገኘው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ደቡቡ ሌላ ነው። ሰሜን ዋልታ በየብስ የተከበበ ውቅያኖስ ነው፤ የዓለምን ውቅያኖስ ውኃ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ፣ የዓለም ወንዞች ከሚያፈስሱት ውኃ አሥር በመቶ ያህሉን ይቀበላል። ደቡብ ዋልታ በውቅያኖስ የተከበበ የብስ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ አንታርክቲካን እየዞረ የሚነጉድ ኃይለኛ ጅረት አጥሮታል። ለረጅም ጊዜ ይህን አጥር ምንም የሚንሳፈፍ ነገር አያልፈውም ይባል ነበር። በ2018 አንድ ጥናት ይህን አፈረሰው። በአንታርክቲካ ጠረፍ በኪንግ ጆርጅ ደሴት ዳርቻ የተገኘ የባሕር አረም ዘረመሉ ሲመረመር፣ ከኬርጌለንና ከደቡብ ጆርጂያ ደሴቶች የመጣ ሆነ። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተንሳፍፎ ነው የደረሰው። ማዕበል እየገፋው አጥሩን ጥሶ ገብቷል። አረም ከገባ የጠርሙስ ክዳንም ይገባል።

የተገኘው መጠን ግን ከሰሜኑ ያነሰ ነው። በ2009 ከምሥራቅ አንታርክቲካ ተሰርስሮ ወጥቶ ለዓመታት በማቀዝቀዣ የቆየ አንድ የበረዶ ዘንግ በኋላ ተመርምሮ 96 ቅንጣት ተገኘበት፤ በሊትር 12 ገደማ። በሮስ ደሴት አካባቢ በ19 ቦታዎች የተሰበሰበ አመዳይ ደግሞ በሊትር በአማካይ 29 ነበረው፤ ከ19ኙ አንዱም ባዶ አልወጣም። እነዚህም ቢሆኑ የየራሳቸው ወንፊት አላቸው፤ ከላይ ያልኩትን አይርሱ።

በደቡቡ ጉዳይ የጃኬት ጥርጣሬዎ በሌላ መልኩ ትክክል ሆኖ ይመጣል። በምርምር ጣቢያዎቹ አጠገብ የተወሰደው አመዳይ ከራቁት ቦታዎች ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ፕላስቲክ ነበረበት። ናሙናው አልተበከለም፤ የተበከለው ቦታው ነው። ሰዎቹ እዚያ ይኖራሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ምልክት ይተክላሉ። አንድ የሲንቴቲክ ልብስ በአንድ እጥበት ከ1,900 በላይ ክር ሊለቅ እንደሚችል ከተለካ ቆይቷል። የመርከብ ፕላስቲክን ወደ ባሕር መጣል በዓለም አቀፉ የማርፖል ስምምነት ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ በሁሉም ባሕር ክልክል ነው። የመርከብ ልብስ ማጠቢያ ውኃን ግን ያ ስምምነት አይቆጣጠረውም። በ1991 የተፈረመው፣ የአንታርክቲካን ተፈጥሮ የሚጠብቀው የማድሪድ ፕሮቶኮል ወደዚያ የፎም እንክብል ይዞ መግባትን ከልክሏል። ያም ሆኖ ኪንግ ጆርጅ ደሴት ዳርቻ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቀለ አሮጌ ፎም ተገኝቷል። በላዩ ላይ የሚርመሰመሱ፣ ከሚሊሜትር ብዙም የማይበልጡ ነፍሳት ነበሩ። ሆዳቸው ሲታይ ፎሙ ተገኘበት።

ስለ ደቃቁ ብቻ ካወራን ግን ትልቁ ይረሳል። ስቫልባርድ ዳርቻ የሚለቀመው ቆሻሻ ከክብደት አንጻር በአመዛኙ የዓሣ ማጥመጃ ነው። መረብ፣ ገመድ፣ ተንሳፋፊ ኳስ፣ የካርቶን ማሰሪያ። ይህ ከሩቅ አልመጣም፤ እዚያው ባሕር ላይ ከሚሠሩ ጀልባዎች ነው። አጋዘኖች ቀንዳቸው በመረብ ተተብትቦ የሚሞቱበት ጊዜ አለ። በነገራችን ላይ ማርፖል በአጋጣሚ የጠፋን መረብ እንደ ጥፋት አይቆጥርም። ማን ሆን ብሎ ጣለ፣ ማን በማዕበል ተነጠቀ፣ በባሕር መካከል ማን ያውቃል?

ጉዳቱን አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም መቼም ቀጣዩ ጥያቄዎ እሱ ነው። ፉልማር የሚባል የባሕር ወፍ አለ። ከውኃ ገጽ ላይ እየለቀመ ይበላል፤ ስለዚህ የላይኛውን ባሕር ለመለካት እንደ መሣሪያ እንጠቀምበታለን። ስቫልባርድ ውስጥ ከተመረመሩ 40 ወፎች 35ቱ ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ነበረ። ከ0.1 ግራም በላይ የያዙት 9 ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች ስምምነት መሠረት ይህን መጠን ያለፉ ወፎች ከ10 በመቶ መብለጥ የለባቸውም፤ እዚህ ከ22 በመቶ አልፈዋል። በደቡብ ደግሞ ክሪል አለ። ፔንግዊንም ዓሣ ነባሪም የሚመገቡት፣ ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ ፍጡር ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ 31 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ፕላስቲክ ሲሰጠው ፈጭቶ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች አድርጎ ያወጣዋል። ፕላስቲኩ አልጠፋም። ከመሣሪያችን ዓይን ወጣ እንጂ። «ወፎቹ እየሞቱ ነው ወይ» ቢሉኝ፣ የሚለካው የሆዳቸው ይዘት ነው፤ በሆድ መያዝና በእሱ መሞት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚህ ላይ የሚጋነን ዜና አለ።

ማጽዳት ይቻላል? ዳርቻውን አዎን። ስቫልባርድ ላይ ሰዎች በየበጋው ወጥተው ይለቅማሉ፤ አጋዘኗን የሚያድነውም ይህ ነው። ክፍት ባሕሩን ግን አይሆንም። ከሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ያነሰውን የሚይዝ ወንፊት፣ ክሪሉን፣ የዓሣ እንቁላሉን፣ አልጌውንም አብሮ ይጠርጋል። ምንጩን ስለመዝጋት መንግሥታት በመጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ ስምምነት ለመጻፍ ወስነው ነበር። በ2024 ቡሳን ላይ፣ በ2025 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ሳይስማሙ ተበትነዋል።

ምንጩ ዛሬ ቢዘጋ እንኳ በመንገድ ላይ ያለው አለ። በዚህ ክረምት ሳይቤሪያ ጠረፍ ላይ የሚረጋው በረዶ ያገኘውን ጠርጎ ይይዛል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያው የመርከበኛው ሱሪ ባለፈበት መንገድ፣ ፍራም ሰርጥ ደርሶ ያራግፋል። እዚያ 2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ የአልፍሬድ ቬገነር ተቋም ካሜራ ለዓመታት ወለሉን ሲያነሳ ኖሯል። በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ቆሻሻ ከ2004 እስከ 2014 ድረስ ሲቆጠር፣ እየጨመረ ነው የመጣው።